ያገለገለ ስልክ ከመግዛትዎ በፊት

ገንዘቡን ከመክፈልዎ አስቀድሞ በስልኩ *#06# በመደወል የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር ያመሳክሩ፤ ካልገጠመ ግዢውን ይተዉት።

ከሁሉም በላይ ሻጩ የጉግል ወይም የአፕል አካውንቱን ከስልኩ ላይ በፊትዎ እንዲያወጣ አጥብቀው ይጠይቁ፤ ይህ ካልተደረገ፣ በስልኩ ውስጥ ያለው መረጃ በሙሉ ቢደመሰስም እንኳ፣ ስልኩ የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ስለሚጠይቅ ሊጠቀሙበት አይችሉም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ከአይኦኤስ 7 (ከአይፎን ማስኬጃ ሶፍትዌር) ጋር ያስተዋወቀው ይህ ዓይነቱ ቁልፍ አንዳንድ ገዢዎችን ቢያንገላታም፣ የተሰረቀ ስልክ ለሌባው የሚሰጠውን ጥቅም ስለሚቀንስ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ካሜራውን፣ ድምፅ ማጉያውንና የቻርጀር መሰኪያውን እዚያው ይሞክሩ። አምራቹ የደህንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመበትን ስልክ ግን፣ መልኩ የቱንም ያህል አዲስ ቢመስል፣ ለባንክ አገልግሎት እንዲጠቀሙበት አልመክርም።