የዓመቱን ግብ እስከ አንድ ሲኒ ማውረድ፦ በጀበና ቡና ንግድ ስሌት

መስከረም ሲጠባ «ዘንድሮ ሥራዬን አሰፋለሁ» የማይል ነጋዴ የለም። ኅዳር ላይ ግን ነገሩ ተረስቷል። ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። «ማስፋት» የሚለው ቃል ነገ ጠዋት ከሰሉ ሲቀጣጠል ምን እንደሚደረግ አይናገርም። ግብ የሚይዘው እስከ አንድ ቀን ሥራ ድረስ ሲወርድ ነው። አወራረዱን በአንዲት የጀበና ቡና መሸጫ እናሳያለን። የብሩ መጠን ለስሌት የተቀመጠ ስለሆነ በራስዎ ዋጋ ይተኩት። ልብስ ስፌትም ይሁን ጸጉር ቤት ስሌቱ ያው ነው፤ በሲኒ ፈንታ ቀሚስ ወይም ራስ ይቆጠራል።

ለ30 ቀን መመዝገብ ብቻ

ዛሬ ያሉበትን ሳያውቁ የሚያወጡት ግብ ግምት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ለምዝገባ ብቻ ይዋል። አንድ ደብተር ይግዙና በየገጹ ስድስት ዓምድ ያስምሩ፦ ቀን፣ የተሸጠ ሲኒ፣ በእጅ የገባ ብር፣ በቴሌብርና በባንክ የገባ ብር፣ ለሥራው የወጣ፣ ለቤት የወጣ። ደብተሩ የሚሞላው ማታ ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ነው። «ነገ እጽፈዋለሁ» ከተባለ ሳምንት ሳይሞላ ይቆማል። ዱቤ በመጨረሻው ገጽ ለብቻው ይጻፍ፤ ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ በገባ ብር ውስጥ አይደመር። በስልክ የሚገባው ብር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መሳቢያ ውስጥ ስለማይታይ የሥራው ገንዘብ መሆኑ ይዘነጋና ለአስቤዛ ይወጣል።

በዚሁ ወር የአንድ ሲኒ ወጪ ይለካ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በጥሬ ቡና ክብደት ሲያሰሉ ነው። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከ150 እስከ 200 ግራም ያህል ይቀንሳል። አስተማማኙ መንገድ 1 ኪሎ ገዝቶ እስኪያልቅ ድረስ የተቀዳውን ሲኒ መቁጠርና ዋጋውን ለዚያ ማካፈል ነው። ስኳር፣ ከሰል፣ ውሃ፣ ፈንዲሻ፣ ዕጣን፣ የተሰበረው ሲኒ ሳይቀር ይደመራል።

ለራስ ደመወዝ መቁረጥ

ከሁሉም በላይ አጥብቀን የምንመክረው ይህን ነው። የቤትና የሥራ ገንዘብ በአንድ መሳቢያ ሲቀመጥ ሥራው ያትርፍ ይክሰር አይታወቅም፤ የልጅ መድኃኒትና የቡና መግዣ ከአንድ ኪስ ይወጣል። በየቀኑ የተወሰነ ብር፣ ለምሳሌ 330፣ የነጋዴዋ ደመወዝ ተብሎ ይቆረጥ። የቤት ወጪ ሁሉ ከዚያ ላይ ብቻ ይሸፈን። አንድ ቀን ካልበቃ ብድር ተብሎ ይጻፍና ከሚቀጥለው ቀን ደመወዝ ይቀነስ። መጀመሪያ ላይ ጭንቅ ነው፤ ግን ቤቱ በእውነት ምን ያህል እንደሚፈልግ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ስሌቱ

ግቡ ይህ ነው እንበል፦ እስከ ሚያዝያ 30 ድረስ ውሃና ለስላሳ የሚያቀዘቅዝ 48,000 ብር የሚያወጣ ፍሪጅ መግዛት። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ብንቆጥር 7 ወር፣ የመዝገቡ ወር መስከረም ራሱ ትርፍ ስላስቀመጠ ከመስከረም ብንጀምር 8 ወር ነው። ለቀላልነት 8 ወር እንያዝ። እሑድና በዓላት ወጥተው በወር 25 የሥራ ቀን ቢኖር 200 ቀን ይሆናል። 48,000 ለ200 ሲካፈል በቀን 240 ብር ነው።

አንድ ሲኒ በ30 ብር ቢሸጥና ወጪው 12 ብር ቢሆን 18 ብር ይተርፋል። በወር 3,750 ብር የሆነው የቦታ ኪራይ በቀን 150 ይመጣል፤ ከ330ው ደመወዝ ጋር 480 ብር። ደብተሩ በቀን 30 ሲኒ እንደሚሸጥ ካሳየ ከሲኒው 540 ብር ተርፎ፣ 480ው ሲቀነስ በእጅ የሚቀረው 60 ብር ብቻ ነው። የሚፈለገው 240 ስለሆነ የጎደለው 180 ብር፣ ማለትም 10 ሲኒ ነው። «ማስፋት» የተባለው ነገር አሁን መልክ ያዘ፦ በቀን 10 ተጨማሪ ሲኒ።

እነዚህ 10 ሲኒዎች ከየት ይመጣሉ? ግቡ የሚጸናው ይህ ሲመለስ ነው። በአቅራቢያ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ቢሮዎችና ጋራዦች ተመርጠው ከጠዋቱ 4 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በፔርሙዝ ማድረስ አንዱ መንገድ ነው። ሰዓቱ አይዛነፍ፤ ዛሬ በ4 ነገ በ5 ከመጣ ደንበኛው ሌላ ጋ ይለምዳል። ለማድረስ ሰው ከተቀጠረ ክፍያው ከ18ቱ ብር ላይ ይቀነስና ስሌቱ እንደገና ይሠራ።

አንድ አደጋ አለ። ቁጥሩን ለመሙላት ሲባል ቶናውን እንደ አቦል መቅዳት ይጀመራል። ለሁለት ሳምንት ሲኒው ይበዛል፤ በሦስተኛው ደንበኛው ይሸሻል። ስለዚህ ከሲኒው ቁጥር ጎን ሌላ ቁጥር ይያዝ፦ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን የመጡ ቋሚ ደንበኞች ስንት ናቸው? ሲኒው እየጨመረ ይህ ከቀነሰ ቡናው ቀጥኗል ማለት ነው።

ጾምና በዓል በስሌቱ ይግቡ

ዓመቱን በእኩል ከፍሎ ማቀድ እዚህ አገር አያዋጣም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ጾሙን የሚያጠብቁ ደንበኞች ከሰዓት በኋላ ድረስ ምንም ስለማይቀምሱ የጠዋቱ ሽያጭ ይወርዳል። ሙስሊም ደንበኞች በሚበዙበት ሰፈር ረመዳን የቀኑን ገበያ ወደ ማታ ያዞረዋል፤ በየዓመቱም 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም የአምናው ሰሌዳ ለዘንድሮ አይሠራም።

ሰባቱ እሑዶችና ስቅለት ወጥተው ሁዳዴ 47 የሥራ ቀን ቢኖረውና ሽያጩ ከ40 ወደ 34 ሲኒ ቢወርድ በቀን የሚተርፈው 132 ብር፣ በድምሩ 6,204 ብር ነው። የቀሩት 153 ቀናት 41,796 ብር ማምጣት አለባቸው፤ ይህም በቀን 42 ሲኒ ማለት ነው። ስለዚህ ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ግብ ሁለት ቁጥር አለው፦ በሁዳዴ 34፣ በሌላው ጊዜ 42። ይህ አስቀድሞ ያልተጻፈለት ሰው መጋቢት ላይ «አልቻልኩም» ብሎ ይተዋል፤ የወረደው ግን ወቅቱ ነው።

ዕቁብ

ገንዘቡን ከእጅ ለማራቅ ዕቁብ ጥሩ ነው። ሆኖም መዋጮው የሚወሰነው በደህናው ወር ሳይሆን በደካማው ነው። በሁዳዴ 132 ብር በ6 ቀን 792 ስለሚሆን የሳምንቱ ዕቁብ ከ750 ብር መብለጥ የለበትም፤ የቀረው በባንክ ይቀመጥ። በበጋው የ1,500 ብር ዕቁብ ገብቶ በጾም የተቸገረ ሰው መዋጮውን ከቡና መግዣው ላይ ያነሳል፤ ያኔ ሥራው ራሱ ይቆማል። ዕጣው ቀድሞ ቢወጣ ዕቃው ወዲያው ይገዛ። ዘግይቶ ከወጣ ዋጋው ሊጨምር ስለሚችል በየወሩ መጀመሪያ የፍሪጁን ዋጋ ጠይቀው ደብተሩ ላይ ይጻፉ። ዋጋው ወደ 54,000 ከወጣ የቀረውን ብር ለቀሩት ቀናት አካፍለው አዲሱን የሲኒ ቁጥር ያውጡ፤ ወይም ቀኑን ይግፉ።

የግል ግብ

አንድ ብቻ ይሁን፤ ገንዘቡም ከደመወዙ እንጂ ከሥራው ትርፍ አይውሰድ። የልጆች ዩኒፎርምና ደብተር 12,000 ብር ከፈለገ ከመስከረም እስከ ነሐሴ በየወሩ 1,000 ብር፣ በ25 የሥራ ቀን በቀን 40 ብር ነው። ነሐሴ ላይ ከሥራው መሳቢያ እየተወሰደ ብዙ የፍሪጅ ዕቅድ የሚፈርሰው ለዚህ ቀድሞ ባለመቀመጡ ነው። የዕድር መዋጮም ከዚሁ ይቆጠር።

መገምገሚያ ቀን

እሑድ ማታ 15 ደቂቃ ይበቃል። የሳምንቱ ሲኒ ይደመር፣ ከግቡ ጋር ይተያይ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከተለወጠ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። አንድ ሳምንት ቢጎድል ግቡ አይነካ፤ ከጾምና ከበዓል ውጭ አራት ሳምንት በተከታታይ ከጎደለ ግን ቁጥሩ ወይም መንገዱ ስህተት ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚመረመረው የአንድ ሲኒ ወጪ ነው፤ የቡናና የስኳር ዋጋ ጨምሮ 12 የነበረው 15 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያኔ የሚተርፈው 15 ብር ስለሚሆን ለኪራይና ለደመወዝ 480፣ ለግቡ 240 ብር ለማምጣት በቀን 48 ሲኒ ያስፈልጋል፤ ዋጋ መጨመር ይሻል እንደሆነም በዚያው ቀን ይወሰን።

ጳጉሜን 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን ናት። የዓመቱን ደብተር ከፍቶ ለመደመር፣ ያልተከፈለ ዱቤን ለመሰብሰብና የመስከረምን የሲኒ ቁጥር ለመጻፍ ትበቃለች።