ቴስቱ ወደቀ፤ ግን የተበላሸው የቱ ነው? የዌብ አፕ አውቶሜትድ ቴስት ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የመጀመሪያዎቹን ቴስቶች ጽፋችሁ አስኬዳችሁ። ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት የቴስቱን ኮድ መነካካት ይጀምራል። እዚህ ጋ ሁለት ሰከንድ ይጨምራል፣ እዚያ ጋ ሰሌክተር (ቴስቱ ገጹ ላይ በተኑን ወይም ሳጥኑን የሚያገኝበት መግለጫ) ይቀይራል። ቴስቱ በሆነ ምክንያት ሲያልፍለት እፎይ ብሎ ይተወዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ቴስት ተመልሶ ይወድቃል።

እኔ ኮዱን ከመንካቴ በፊት አንድ ነገር እለያለሁ። የተበላሸው አፑ ነው፣ ቴስቱ ነው ወይስ ሁለቱ የሚሮጡበት ማሽን? የሦስቱም ምልክት ይለያያል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ችግሮች ዓይን ላይ በሚታየው ምልክታቸው ነው የደረደርኳቸው። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው የፕሌይራይት (ብራውዘር ከፍቶ እንደ ሰው እየተጫነ አፑን የሚፈትሽ መሣሪያ) ናቸው፤ የለመድኩት እሱን ስለሆነ። ተመሳሳይ መሣሪያዎች የሆኑት ሴሊኒየምና ሳይፕረስ የሚለዩበት ቦታ ላይ እጠቅሳቸዋለሁ።

ብራውዘሩ ጭራሽ አይከፈትም

ፕሌይራይት ላይ «የብራውዘሩ ፋይል የለም» የሚል ኤረር ካያችሁ ነገሩ ቀላል ነው። ላይብረሪውን በኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች መጫኛ) ስትጭኑ ብራውዘሮቹ አብረው አይመጡም። የራሱ የመጫኛ ትእዛዝ አለው፤ እሱን ለብቻ ማስኬድ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ የፕሌይራይት ቨርዥን የሚሠራው ከተወሰነ የብራውዘር ቨርዥን ጋር ነው። ስለዚህ ላይብረሪውን ባሳደጋችሁ ቁጥር ትእዛዙን ድገሙት። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ብራውዘሩ የሚፈልጋቸው የሲስተም ላይብረሪዎች ሊጎድሉ ይችላሉ። የመጫኛ ትእዛዙ እነሱንም አብሮ የሚያመጣበት አማራጭ አለው።

ሴሊኒየም ላይ የተለመደው ጣጣ የክሮምና የድራይቨሩ (ሴሊኒየም ክሮምን የሚያዝበት ፕሮግራም) ቨርዥን አለመጣጣም ነው። ክሮም ራሱን በራሱ ያድሳል፣ ድራይቨሩ ግን ባለበት ይቀራል። አንድ ቀን ጠዋት ማንም ምንም ሳይነካ ሁሉም ቴስት ይወድቃል። ከሴሊኒየም 4.6 ወዲህ ትክክለኛውን ድራይቨር ፈልጎ የሚያወርድ ሴሊኒየም ማናጀር የሚባል መሣሪያ አብሮ ይመጣል። እሱ እያለም ችግሩ ከቀጠለ ማሽኑ ላይ ከድሮ የቀረ ድራይቨር ካለ ፈልጉና አጥፉት። የድሮው ሲስተሙ ፕሮግራሞችን በሚፈልግባቸው ፎልደሮች (PATH) ውስጥ ከተገኘ እሱ ነው የሚመረጠው።

ዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ ከሆናችሁና ብራውዘሩ ተከፍቶ መሃል ላይ ድንገት ከሞተ ሸርድ ሜሞሪውን ተጠራጠሩ። ዶከር ካልቀየራችሁት ለኮንቴይነር የሚሰጠው ሸርድ ሜሞሪ 64 ሜጋባይት ብቻ ነው። ለክሮም ይሄ አይበቃም። ኮንቴይነሩን ስታስነሱ መጠኑን ከፍ አድርጉለት፣ ወይም የአስተናጋጁን ማሽን ሜሞሪ እንዲጋራ ፍቀዱለት።

«ግንኙነት አልተፈቀደም» ይላል

ብራውዘሩ ተከፈተ፣ ገጹ ግን የለም። ብዙውን ጊዜ ቴስቱ ሰርቨሩን ቀድሞታል። ሰው ለዚህ የሚያደርገው ስክሪፕቱ ውስጥ «10 ሰከንድ ጠብቅ» ብሎ መጻፍ ነው። እስከሚበላሽበት ቀን ድረስ ይሠራል። የሚሻለው የፕሌይራይት ኮንፊግ ውስጥ የሰርቨሩን ማስነሻ ትእዛዝና ዩአርኤሉን መስጠት ነው። ያኔ ፕሌይራይት ሰርቨሩን ራሱ ያስነሳል፣ ዩአርኤሉ መልስ እስኪሰጥም እስከ 60 ሰከንድ ይጠብቃል። ላፕቶፕ ላይ ቀድሞ የተነሳ ሰርቨር ካለ እሱኑ እንዲጠቀም አድርጉ። ሲአይ (ኮድ ሲላክ ቴስቶቹን በራሱ የሚያስኬድ ሰርቨር) ላይ ግን ይህን አትፍቀዱ፤ የማን ሰርቨር ላይ እየሞከራችሁ እንደሆነ አታውቁም።

ሰርቨሩ እየሠራ ያው ኤረር ከመጣ አድራሻውን ጠጋ ብላችሁ አንብቡት። «::1» የሚል ካለ ያዛችሁት። ሰርቨሩ የሚያዳምጠው 127.0.0.1 ላይ ነው፣ ቴስቱ ደግሞ «ሎካልሆስት» ብሎ በአይፒ 6 በኩል ሄዷል። ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጪ የሚያስኬደው ፕሮግራም) 17 ላይ የአድራሻ አመራረጡ ስለተለወጠ ነው ብዙዎች ባንዴ ይህን ያዩት። ኖድ 20 ሁለቱንም አድራሻ ይሞክራል። ሁለቱም ቦታ ላይ 127.0.0.1 ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ከነጭራሹ አያስቸግራችሁም።

ኤለመንቱ አልተገኘም፣ 30 ሰከንድ አለፈ

30 ሰከንድ ፕሌይራይት ለአንድ ቴስት የሚሰጠው ጊዜ ነው። ጊዜው ማለቁ ውጤት ነው፤ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ቁጥሩን ወደ 60 ማሳደግ የመውደቂያውን ሰዓት ከማራዘም ውጪ ምንም አይፈይድም።

መጀመሪያ ሰሌክተሩን እዩ። በሲኤስኤስ ክላስ ስም ወይም «ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ ያለው ሁለተኛው በተን» በሚል መንገድ ከፈለጋችሁት ዲዛይነሩ አንድ ነገር ባንቀሳቀሰ ቁጥር ትወድቃላችሁ። በዚያ ላይ ብዙ ፍሬምወርኮች የክላስ ስሙን በየቢልዱ ይቀያይሩታል። ተጠቃሚው በሚያየው መንገድ ፈልጉ፦ «አስቀምጥ» የሚል ስም ያለው በተን፣ «ኢሜይል» የሚል ጽሑፍ ያለው ሳጥን። ይህ ካልተቻለ ለቴስት ብቻ የሚሆን መለያ አትሪቢዩት ጨምሩ። እግረ መንገዴን ልበል፦ በተኑን በስሙ ማግኘት ካቃታችሁ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰውም አያገኘውም። ያ የቴስት ችግር ሳይሆን የአፑ ነው።

ሰሌክተሩ ትክክል ሆኖ ኤለመንቱ ከሌለስ? የመስኮቱን ስፋት እዩ። ፕሌይራይት የሚከፍተው 1280 በ 720 ነው። የናንተ ስክሪን ሰፊ ከሆነ ላፕቶፓችሁ ላይ የሚታየው ሜኑ እዚያ ተደብቆ ይሆናል። የክፍያ ቅጽ ከሆነ ደግሞ አይፍሬም (ገጽ ውስጥ የተከተተ ሌላ ገጽ) ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ፤ መጀመሪያ ፍሬሙ ውስጥ ገብታችሁ ነው የምትፈልጉት።

ኤለመንቱ እየታየ ክሊክ እምቢ ሲልም አለ። ፕሌይራይት ከመጫኑ በፊት ይፈትሻል፦ ይታያል ወይ? መንቀሳቀስ አቁሟል ወይ? ሌላ ነገር አልሸፈነውም ወይ? እንዲጫን ተፈቅዷል ወይ? ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የኩኪ ፈቃድ የሚጠይቀው ባነር ነው። «በግድ ተጫን» የሚል አማራጭ እንዳለ አውቃለሁ። አትጠቀሙበት። ተጠቃሚው በግድ መጫን አይችልም። ባነሩን ቴስቱ ውስጥ ዝጉት።

አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል

አድካሚው ይሄ ነው። ሰዉ «ፍሌኪ» ይለዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጽሑፍ ከቴስት ሩጫዎቹ 1.5 በመቶ ያህሉ እንዲህ ዓይነት ውጤት እንደሚያሳዩ፣ ከቴስቶቹም ወደ 16 በመቶ የሚሆኑት በተወሰነ ደረጃ ይህ ባሕርይ እንዳለባቸው ገልጿል። እነሱም አልዳኑም። ዝም ብሎ ማለፍ ግን መዘዝ አለው። ቡድኑ አንዴ «እሱ ቴስት እንደዚህ ነው፣ ድገመው» ማለት ከለመደ እውነተኛ ችግር ሲመጣም ይደግመዋል።

በብዛት የማየው ምክንያት በቁጥር የተወሰነ ጥበቃ ነው። «3 ሰከንድ ጠብቅና ቀጥል» ይላል። ማሽኑ ሲጨናነቅ 3 ሰከንድ አይበቃም። ሲፈጥን ደግሞ ጊዜ ያባክናል፤ 200 ቴስቶች እያንዳንዳቸው 3 ሰከንድ ቢተኙ 10 ደቂቃ በከንቱ ሄደ። ሰዓቱን ትታችሁ የምትፈልጉትን ነገር ጠብቁ። ፕሌይራይት ላይ «ይህ ጽሑፍ እንዲታይ እጠብቃለሁ» ስትሉ እስከ 5 ሰከንድ እየደጋገመ ያያል። ሳይፕረስ 4 ሰከንድ ይሞክራል። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው፦ ጽሑፉን መጀመሪያ ቫሪያብል ውስጥ አስቀምጣችሁ ከዚያ ካወዳደራችሁት መደጋገም የለም። የዚያችን ቅጽበት ፎቶ አንስታችሁ ፎቶውን እየመረመራችሁ ነው። ጥያቄውን ራሱ ኤለመንቱ ላይ ጠይቁ።

ሴሊኒየም ላይ ሁለት ዓይነት ጥበቃ አለ፦ ለሁሉም ፍለጋ የሚሠራ አጠቃላይ ጥበቃና ለአንድ ነገር ብቻ የሚጻፍ ጥበቃ። አትቀላቅሏቸው። የሴሊኒየም መመሪያ ራሱ 10 እና 15 ሰከንድ ሲቀላቀሉ ቴስቱ 20 ሰከንድ ላይ ሊቆም እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ተንኮለኛ ነው። ገጹ ሰርቨር ላይ ተሠርቶ ሲመጣ በተኑ ወዲያው ይታያል፤ ከበተኑ ጀርባ ያለው ጃቫስክሪፕት ግን ገና አልደረሰም። ቴስቱ ከሰው ስለሚፈጥን ይጫናል። ክሊኩ ተሳክቷል ይባላል፣ ምንም ግን አይከሰትም። የሚስተካከለው አፑ ውስጥ ነው። ጃቫስክሪፕቱ እስኪደርስ በተኑ ዝግ (የማይጫን) ይሁን። ቴስቱም እስኪከፈት ይጠብቃል። ቀርፋፋ ኢንተርኔት ያለው ሰውም ያንኑ በተን በከንቱ ሲጫን እንደነበር አትርሱ።

ሦስተኛው የቅደም ተከተል ስህተት ነው። ከኤፒአዩ (አፑ ከሰርቨሩ ዳታ የሚጠይቅበት መንገድ) መልስ መምጣቱን ለመጠበቅ ስትፈልጉ ጥበቃውን ከክሊኩ በፊት ጀምሩ። ከክሊኩ በኋላ ከጀመራችሁ መልሱ ቀድሞ ደርሶ ያመለጣችሁ ይሆናል። ያኔ ያለፈ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ እንደመቆም ነው።

አራተኛው የጋራ ዳታ ነው። ፕሌይራይት የቴስት ፋይሎችን ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ ቴስቶቹን የሚያስኬዱት «ሠራተኞች» የሚባሉ ፕሮሰሶች ቁጥር ሳይነካ ከተተወ የፕሮሰሰሩን ኮሮች ግማሽ ያህላል። ሁለት ቴስቶች በአንድ ተጠቃሚ ስም ከገቡ አንዱ ቅርጫቱ ውስጥ ዕቃ ሲጨምር ሌላው ባዶ ያደርገዋል። ለመለየት በአንድ ሠራተኛ ብቻ አስኪዱት። ሁሉም ካለፈ ቴስቶቹ እየተጋፉ ነው፣ ወይም ማሽኑ በዝቶበታል። ከዚያ የወደቀውን ቴስት ለብቻው አስኪዱት። ለብቻው ሲሆን ከወደቀ ከሱ በፊት የሚሮጠው ቴስት በተወው ዳታ ላይ ተደግፎ ነበር ማለት ነው። መፍትሄው ለሁለቱም አንድ ነው። እያንዳንዱ ቴስት የራሱን ተጠቃሚ፣ በማይደገም ኢሜይል፣ በኤፒአይ በኩል ይፍጠር።

ምክንያቱን ለማግኘት ቴስቱን 50 ጊዜ ደጋግማችሁ አስኪዱ። ትሬስ የሚባለውንም ክፈቱ። በእያንዳንዱ እርምጃ ገጹ ምን ይመስል እንደነበር፣ ምን ጥያቄ ወደ ሰርቨር እንደሄደ፣ ኮንሶሉ ላይ ምን እንደወጣ ያሳያችኋል። ከግምት ያድናል። ሲወድቅ ራሱ እንዲደግም ማድረግ ሲአይ ላይ ይጠቅማል፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን ፕሌይራይት በድጋሚ ያለፉትን ለይቶ «ፍሌኪ» ብሎ ይቆጥራቸዋል። ያ ቁጥር የሥራ ዝርዝራችሁ ነው።

ላፕቶፔ ላይ ያልፋል፣ ሲአይ ላይ ይወድቃል

ይህኛውን ቶሎ ልለፈው፤ ማጣራት ያለባችሁ ጥቂት ነገሮች ናቸው። የሲአይ ማሽኖች ሰዓታቸው በአብዛኛው ዩቲሲ ነው። ቀን የሚያሳይ ቴስት ከሆነ የጊዜ ቀጠናውን ኮንፊግ ውስጥ ጻፉ። ሊኑክስ በፋይል ስም ትልቅና ትንሽ ፊደልን ይለያል፣ ዊንዶውስና ማክ ብዙውን ጊዜ አይለዩም፤ «ፋይሉ የለም» ከተባለ እዚያ ነው። የስክሪን ፎቶ የሚያወዳድር ቴስት በፎንት ልዩነት ብቻ ይወድቃል፤ ዋናውን ፎቶ ሲአይ በሚጠቀምበት የዶከር ኢሜጅ ውስጥ አንሱት። ጊትሃብ አክሽንስ ላይ ከፎርክ (ሌላ ሰው ከገለበጠው የፕሮጀክቱ ቅጂ) በመጣ ፑል ሪክዌስት (ለውጤን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ የተጎዳው ኮዱ አይደለም። የይለፍ ቃልና ቁልፍ የመሳሰሉ ምስጢሮች ለፎርክ አይሰጡም።

መጀመሪያ ያሉት ያልፋሉ፣ ከመሃል ጀምሮ ሁሉም ይወድቃል

ሰርቨሩ የመለሰውን የኤረር ቁጥር እዩ። 429 ካለ ሰርቨሩ «በዛብኝ» እያለ ነው። እያንዳንዱ ቴስት በመግቢያ ገጹ ስለሚገባ አፑ እንደ ጥቃት ቆጥሯችኋል። አንድ ጊዜ ግቡ፣ የብራውዘሩን ሁኔታ ፋይል ላይ አስቀምጡ፣ ሌሎቹ ከዚያ ይነሱ። ፋይሉ ውስጥ ኩኪዎች ስላሉ ጊት ውስጥ እንዳታስገቡት። አፓችሁ ቶክኑን (መግባታችሁን የሚያረጋግጠውን ቁልፍ) ሴሽን ስቶሬጅ በሚባለው የብራውዘሩ ማከማቻ ውስጥ የሚያስቀምጥ ከሆነ ግን ይህ መንገድ እሱን አይዝም፤ በስክሪፕት ራሳችሁ ማስገባት ይኖርባችኋል።

ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ አፑ ግን ተበላሽቷል

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፤ ምልክት የለውም። አንድ ፕሮጀክት ላይ የትዕዛዝ ገጹን የሚፈትሽ ቴስት ነበረኝ። አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። ኮርቼበትም ነበር። ከዚያ አንድ ደንበኛ ትዕዛዜ አይላክም ብሎ ደወለ። ቴስቱን አስኬድኩት፤ አለፈ። «ትዕዛዝዎ ደርሶናል» የሚለውን ጽሑፍ ከገጹ ላይ ጨርሼ አጠፋሁና አስኬድኩት። አሁንም አለፈ!

የጎደለችው አንዲት ቃል ነበረች፦ «አዌይት»። የፕሌይራይት ትእዛዞች መልሳቸውን የሚያመጡት ቆይተው ነው። «አዌይት» ከሌለ ቴስቱ ጥያቄውን ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ ይወጣል። ማንም «አይ» ስላላለው አለፍኩ ይላል። በዓይን መፈለግ አያዛልቅም። ያልተጠበቁ ፕሮሚሶችን (ቆይተው የሚመጡ መልሶችን) የሚይዘውን የታይፕስክሪፕት ሊንት (ኮድን ሳያስኬድ ስህተት የሚፈልግ መሣሪያ) ሕግ አብሩትና ኮዱ ከመዋሃዱ በፊት ይያዝ። አዲስ ቴስት ስጽፍም አፑን ሆን ብዬ አበላሽቼ ቴስቱ ሲወድቅ በዓይኔ ካላየሁ አላስገባውም።

ሌላው የአረንጓዴ ምክንያት የተረሳ «ኦንሊ» ነው። አንዱ ችግር ሲፈልግ አንድ ቴስት ብቻ እንዲሮጥ አድርጎ፣ ሳያነሳው ፑሽ ያደርጋል። ሲአይ አንዷን ብቻ አስኬዶ ሁሉም ደህና ነው ይላል። ፕሌይራይት ኮንፊግ ላይ «ኦንሊ» ካለ ሩጫውን በሙሉ የሚጥል ቅንብር አለ። ሲአይ ላይ ብቻ እንዲሠራ አድርጋችሁ አብሩት። ላፕቶፕ ላይ ካበራችሁት ራሳችሁን ነው የምታስቸግሩት።