የጀልባ ሽንት ቤት ቧንቧ ስትቀይሩ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቤት ሽንት ቤት ቢያፈስ ወለል ይረጥባል። የጀልባ ሽንት ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውሃ በታች በቀፎው (በጀልባው ውጫዊ አካል) ላይ የተበሱ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፤ አንዱ ለማጠቢያ የሚሆን ውሃ ያስገባል፣ ሌላው ቆሻሻውን ያስወጣል። ይህን መስመር የሚነካካ ሰው ጀልባውን ከመስመጥ የሚጠብቀውን ነገር እየነካካ ነው። በሰው ጀልባ ውስጥ ተንበርክኬ ስሠራ የማገኛቸው ጥፋቶች ከጀልባ ጀልባ ያው ናቸው። አዲስ ጀማሪዎችን እወዳቸዋለሁ፤ ይጠይቃሉ፣ ይለካሉ፣ ይፈራሉ። የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ባለ አየር ቅስቱን መተው፣ ያለቦታው ማድረግ፣ መድፈን

በዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። የሽንት ቤቱ ሳህን ከውጭው ውሃ ወለል በታች ከሆነ፣ ወይም ጀልባው ሲያጋድል ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ፣ አንዴ በቱቦው መፍሰስ የጀመረ ውሃ ማንም ሳይነካው መፍሰሱን ይቀጥላል። ከመኪና ታንከር ቤንዚን በጎማ የሳበ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ አንዴ ከተሳበ በኋላ አፍን ማንሳት አያቆመውም። እዚህ የሚስበው ቱቦ ጫፉ ባሕር ውስጥ ነው፣ የሚሞላውም ጀልባው ነው።

መድኃኒቱ ባለ አየር ቅስት ነው፤ ይኸውም ቱቦውን ከውሃው ወለል በላይ ከፍ አድርጎ ማጠፍና በቅስቱ አናት ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቫልቭ መግጠም ነው። አየር ሲገባ የውሃው ሰንሰለት ይቆረጣል፣ ስበቱም ይቆማል። "ቱቦውን ከፍ አድርጌ አሳልፌዋለሁ፣ ይበቃል" የሚል ብዙ ሰው አጋጥሞኛል። አይበቃም! አየር የማይገባበት ቅስት የቱንም ያህል ቢቆለል ውሃው ተሻግሮት ይፈሳል።

ከፍታውም የሚለካው ጀልባው ወደብ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ በሚታየው ውሃ አይደለም። ባለ ሸራ ጀልባ ነፋስ ሲገፋው ሽንት ቤቱ ያለበት ጎን ሊሰምጥ ይችላል። ጀልባው እጅግ ባጋደለበት ሰዓት ውሃው የት እንደሚደርስ ገምቱና ቅስቱን ከዚያ በላይ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር አድርጉት። ቦታው ከፈቀደ ወደ ጀልባው መካከል አስጠጉት፤ መካከሉ ሲያጋድል እንደ ጎኑ አይወርድም።

አሁን ደግሞ ቦታው። በእጅ በሚሠራ ሽንት ቤት የመግቢያው ቅስት የሚገባው ከፓምፑ በኋላ፣ በፓምፑና በሳህኑ መካከል ነው። ብዙዎች በቀፎው ቫልቭና በፓምፑ መካከል ያስገቡታል። ያኔ ፓምፑ ውሃውን ትቶ አየር ይስባል። "ፓምፑ ደከመ" ተብሎ አዲስ ይገዛል፣ አዲሱም ያው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉ የከፋው ነው፤ የአየር ቀዳዳዋ ትደፈናለች።

አንድ ጀልባ ላይ ያየሁት ይኸው ነበር። የቫልቯ አናት ላይ ብሎን ተሰክቶ ዙሪያው በሲሊከን ተለብጧል። ባለቤቱ ፓምፑ እንደ አዲስ መሥራት ስለጀመረ ደስ ብሎት ነበር። በፓምፑ ላይ ውሃ የምታስገባውና የምትዘጋው ትንሿ ማንሻ ማታ ሳትመለስ ቀረች፣ የቀፎው ቫልቭም ክፍት ነበር። ጠዋት ሲነሳ የወለሉ ሳንቃዎች ተንሳፍፈው እርስ በርስ እየተጋጩ ነበር። ባትሪዎቹ ውሃ ውስጥ ስለነበሩ የውሃ ማውጫው ፓምፕ አልሠራም። ውሃው በሙሉ የገባው 19 ሚሊ ሜትር ውስጠ ስፋት ባላት ቱቦ ነው። ስፋቷን በእጃችሁ ይዛችሁ እዩትና ከዚያ ቫልቯን ለመድፈን ወስኑ።

በትክክል የተገጠመም ቢሆን ይረሳል። ጨው ቫልቯ ውስጥ ይጋገርና ተዘግታ ትቀራለች፤ የተዘጋች ደግሞ እንደሌለች ናት። በዓመት አንድ ጊዜ ፈትታችሁ በለብ ያለ ውሃ እጠቧት። የማስወጫው መስመርም የራሱ ቅስት ያስፈልገዋል። በአንዱ ቅስት ሁለቱን መስመር እጠብቃለሁ ማለት አይሆንም።

ለቤት የተሠራ ቫልቭ ቀፎ ላይ መግጠም

ተራ ብራስ መዳብና ዚንክ ነው። ጨዋማ ውሃ ዚንኩን ከውስጡ እየበላ ያወጣውና የሚቀረው ቅርጹን የያዘ፣ ጥንካሬው ግን የሄደ መዳብ ነው። ምልክቱ ቀለሙ ነው፤ ቢጫው ወደ ሮዝ ይዞራል። ቱቦ ላላቅቅ ብዬ ገና ትንሽ ጠምዘዝ ሳደርግ አንገቱ በእጄ ላይ ቁርጥ ብሎ የቀረበት ጊዜ አለ፤ ስብራቱ በጣት ሲታሽ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ያ ጀልባ በዚያ ሰዓት መሬት ላይ ስለነበር እግዚአብሔር ይመስገን። ብሮንዝ፣ ዚንኩ እንዳይበላ ተደርጎ የተቀመመ ብራስ፣ ወይም ለዚሁ የተሠራ በመስታወት ጭረት የተጠናከረ ናይለን ግዙ። እየተሽከረከረ የሚዘጋውን ጌት ቫልቭ ካገኛችሁ አውጡት፤ ክፍት ይሁን ዝግ በዓይን አይታወቅም፣ ውስጡ ያለው ዘንግም ተበልቶ ይበጠሳል።

የመጠምዘዣ ጥርስ ነገር ደግሞ ዓይን ያታልላል። በቀፎው ውስጥ የሚያልፈው ቱቦ ጥርሱ ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት ያለው ነው፤ የብዙ ቫልቮች ጥርስ ግን ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። ሲጠመዘዝ ይነክሳል፣ ይጠብቃል፣ ሥራው ያለቀ ይመስላል። እውነቱ ግን የያዙት ጥቂት ጥርሶች ብቻ ናቸው። የአሜሪካና የእንግሊዝ መለኪያ ሲቀላቀልም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ተኩል ኢንች ላይ አንዱ በኢንች 11.5 ጥርስ፣ ሌላው 11 ጥርስ አለው። በእጅ ስታዞሩት ስንት ዙር እንደሚገባ ቁጠሩ። ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ ከቆመ ቁልፍ ይዛችሁ አታስገድዱት፣ ቀይሩት።

38 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ከውሃ ወለል በታች 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢከፈት በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ያስገባል። ከእያንዳንዱ ቫልቭ አጠገብ በልኩ የተሾለ ለስላሳ የእንጨት ውታፍ እሰሩ።

ርካሽ ቱቦ፣ የተኛ ቱቦ

ሽታ ሲኖር ሰው ሳህኑን ያጥባል፣ ወለሉን ያጥባል፣ ሽቶ ይረጫል። ብዙ ጊዜ የሚሸተው ግን ቱቦው ነው፤ ጎማው ራሱ ሽታውን ጠጥቶ በአካሉ ያሳልፈዋል። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክራችሁ ጨምቁ፣ ቱቦው ላይ ጠቅልሉ፣ ሲቀዘቅዝ አውጥታችሁ ከቱቦው ራቅ ብላችሁ አሽትቱት። ጨርቁ ከሸተተ ያ ቱቦ ዕድሜው አልቋል፤ በማጠብ አይድንም።

አዲሱ ለፍሳሽ ተብሎ የተሠራ፣ ውስጡ ልሙጥ መሆን አለበት። እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበው ቀጭን ቱቦ ለዚህ አይሆንም። ቀጥ ብሎ የሚሄድ ረጅም መስመር ካላችሁ ጠንካራውን የፒቪሲ ቧንቧ አስቡበት፤ ሽታ አያሳልፍም። ጫፍና ጫፉን ብቻ በጎማ ቱቦ አገናኙት፣ ጀልባ ይንቀጠቀጣልና። ከሁሉ በላይ ቱቦው መሀል ላይ ረግቦ ሆድ እንዳያወጣ ደግፉት። እዚያ ሆድ ውስጥ የቆመ ፍሳሽ ውድ የሚባለውንም ቱቦ ያሸተዋል።

ሌላው ጠላት ድንጋይ ነው። ሽንትና የባሕር ውሃ ሲገናኙ ካልሲየም በቱቦው ግድግዳ ላይ ይጋገራል፣ 38 ሚሊ ሜትሩም እየጠበበ ይመጣል። ሰው ውሃ ለመቆጠብ ብሎ ፓምፑን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ይገፋና ይተወዋል፤ ፍሳሹም ቱቦው ውስጥ ይቀራል። ቅስቱን እስኪያልፍ ድረስ ግፉት። አቼቶ በየጊዜው አፍስሳችሁ ማሳደር ገና ያልጠነከረውን ያሟሟል። በረኪና ግን ጎማዎቹን ይጎዳል፣ እንደ አቼቶ ካለ አሲድ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሁለቱን በፍጹም አታገናኙ።

አጭር አጭር የሆኑ፣ ግን የማይታለፉ

አሮጌውን መስመር ከመክፈታችሁ በፊት ብዙ ንጹህ ውሃ ግፉበት፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ታንከር ካለ አስመጥጡ፣ የቀፎ ቫልቮቹን ዝጉ፤ የተቆረጠውን ጫፍ ወዲያው በላስቲክ እሰሩት።

ከውሃ በታች ባለ መጋጠሚያ ሁሉ ላይ አንገቱ ከፈቀደ ሁለት ክላምፕ (ቱቦውን የሚያጠብቅ የብረት ቀለበት)፣ ብሎኖቻቸው በተቃራኒ ጎን ሆነው፤ ብሎኑም ጭምር ስቴንለስ ይሁን።

ቱቦው አልገባ ካለ በሙቅ ውሃ አለስልሱት እንጂ ሲሊከን አትቀቡት፣ እሳትም አታቅርቡበት።

በማስወጫው ላይ ያለችው የጎማ ከንፈር ሹሏ ወደሚወጣበት አቅጣጫ ትዞራለች። ስትላላ ቆሻሻው ወደ ሳህኑ ይመለሳል፤ መለዋወጫ ያዙ።

የታንከሩን መተንፈሻ መናቅ

በማጠራቀሚያው ውስጥ አየር ካለ አየር ወዳድ ባክቴሪያዎች ይሠራሉ፣ ሽታውም ይቀንሳል። አየር ሲያጥር ሌሎቹ ይነግሡና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያመርታሉ፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው። መርዝ ነው፤ ሲበዛም አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። በብዙ ጀልባ ላይ የማገኘው 16 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የተጠማዘዘ መተንፈሻ ነው። ወደ 25 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ አሳድጉት፣ አጭርና ቀጥ ያለ አድርጉት፣ ከተቻለ ሁለት አድርጉት። ሲደፈን መጣጩ ፓምፕ ታንከሩን ወደ ውስጥ ያጨማድደዋል፤ በተቃራኒው እየሞላ ሲገፋ ደግሞ ስፌቱ ይፈነዳል። ታንከሩንም በደንብ እሰሩት፤ የሞላ ባለ 60 ሊትር ታንከር 60 ኪሎ ገደማ ነው፣ ማዕበል ላይ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም።

ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀየር አሮጌውን ሽቦ መጠቀም

በ12 ቮልት የሚሠራ ፈጪ ሽንት ቤት 20 አምፔር ያህል ሊስብ ይችላል። ባትሪው 6 ሜትር ቢርቅ ሽቦው ሄዶ የሚመለስ ስለሆነ 12 ሜትር ነው። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ1.6 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሞተሩ ያቃስታል፣ ወረቀቱን ሳይፈጭ ያንቃል፣ ሽቦው ይግላል። በ16 ካሬ የሚጠፋው ከ0.3 ቮልት በታች ነው። ሽቦውን አብራችሁ ቀይሩ፣ ፊውዙን ለሽቦው ልክ አድርጉ። ስለ ፊውዝ ግዴለሽ የሆነ ሰው ጀልባ ላይ መተኛት የለበትም።

የመጠጥ ውሃን በቀጥታ ማገናኘት

በባሕር ውሃ እንዲሠራ የተሠራን ሽንት ቤት ከመጠጥ ውሃው መስመር ጋር አትቀጥሉ። ጎማ ሲያረጅ በሳህኑ ያለው ወደምትጠጡት ውሃ ሊመለስ ይችላል። በንጹህ ውሃ እንዲሠራ የሚፈለግ ከሆነ ከነመመለሻ መከላከያው ለዚያ የተሠራውን ግዙ።

ወደ ባሕር የሚለቀውን መስመር ክፍት መተው

ፍሳሹን ወደ ታንከር ወይም ወደ ባሕር የሚመራው ባለ ሦስት አፍ ቫልቭ በእጅ ተገፍቶ እንዳይዞር ታስሮ ወይም ተቆልፎ ይቀመጥ። መርከቦች ባሕር እንዳይበክሉ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት የማርፖል አራተኛ አባሪ፣ ለትልልቅ መርከቦች የወጣው፣ ተፈጭቶ ከጀርም የጸዳውን ከ3 የባሕር ማይል በላይ፣ ያልተጣራውን ከ12 ማይል በላይ ርቀው እንዲለቁ ያዛል። ለትንሽ ጀልባ የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ ቱቦ ከመግዛታችሁ በፊት የምትቀዝፉበትን ውሃ ሕግ አንብቡ፣ የመስመሩ አወቃቀር በእሱ ላይ ይመሠረታልና።

ሳይፈትሹ መሄድ

ጀልባው ወደ ውሃ ሲወርድ ከሚያወርደው ክሬን ሳይላቀቅ የቀፎ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ክፈቱ፣ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ዙሪያ ደረቅ ሶፍት ጠቅልሉ። ሳህኑን ሞልታችሁ ግፉ፣ ግማሽ ሰዓት ቆዩ፣ ሶፍቶቹን በባትሪ መብራት እዩ። የረጠበ ካለ ቫልቩን ዝጉና አጥብቁ። አዲስ ቱቦ ክላምፕ ሥር እየተጨመቀ ስለሚላላ ከሳምንት በኋላ ሁሉንም እንደገና አጥብቁ። ከጀልባው ስትወርዱ ደግሞ ሁለቱንም የቀፎ ቫልቮች ዝጉ፤ እጀታው ከቧንቧው ጋር ትይዩ ከሆነ ክፍት ነው፣ ቧንቧውን አቋርጦ ከቆመ ዝግ ነው።