አዲስ ፒካፕ ሲገዙ በኦፕሽን ፓኬጆች ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

በአሜሪካ አዲስ ፒካፕ ለመግዛት የሚነሳ ሰው የመቀመጫ ማሞቂያውን ለብቻ፣ ትልቁን የነዳጅ ታንከር ለብቻ፣ የተሳቢ ጋንቾውን ለብቻ እየመረጠ የሚያዝ ይመስለዋል። በተግባር ግን ፋብሪካዎቹ አብዛኛውን ዕቃ የሚያቀርቡት በፓኬጅ አስረው ስለሆነ፣ የሚፈልጉትን አንዱን ለማግኘት የማይፈልጓቸውን ሦስት አራት ዕቃዎች አብሮ መግዛት ግድ ይሆናል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የምርት ጉዳይ ነው። የጋቢናው ዓይነት፣ የካሶኒው ርዝመት፣ ሞተሩና ዲፈረንሻሉ ብቻ እንኳ ተባዝተው ብዙ ዓይነት መኪና ስለሚወልዱ፣ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ኦፕሽን፣ ማለትም ተመርጦ የሚጨመር ዕቃ፣ እንደልብ ይመረጥ ቢባል የሽቦ ዝርጋታውንም የዕቃ አቅርቦቱንም መቆጣጠር አዳጋች ይሆናል። ሌላው ምክንያት የዋጋ ነው። ዊልያም ጄምስ አዳምስና በኋላ የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑት ጃኔት የለን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ አንዱ ገዢ ለአንዱ ዕቃ፣ ሌላው ገዢ ደግሞ ለሌላው ዕቃ ብዙ ለመክፈል በሚፈቅድበት ገበያ፣ ዕቃዎቹን አንድ ላይ አስሮ መሸጥ በተናጠል ከመሸጥ የበለጠ ገቢ ለሻጩ ሊያስገኝ ይችላል። ፓኬጁ የተቀመረው በፋብሪካው ሒሳብ ነው፤ ገዢዎች የሚሳሳቱትም አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሲዘነጉ ነው።

በብዛት የሚታየው ስህተት የመኪናውን ደረጃ (የአንድ ሞዴል የዕቃና የቅንጦት ልክ የሚለይበትን ስም) አውቆ የፓኬጁን ኮድ አለመጠየቅ ነው። ለምሳሌ የ2021 ሞዴል ፎርድ ኤፍ-150 ኤክስኤልቲ የተባለው ደረጃ ብቻውን 300ኤ፣ 301ኤ እና 302ኤ በሚሉ የዕቃ ምድቦች ተከፍሎ ይሸጥ ነበር። ሁለት መኪኖች አንድ ዓይነት ስም ተለጥፎባቸው ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ በውስጣቸው ያለው ዕቃም ዋጋቸውም እጅግ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ከሁለት ዲለሮች (የመኪና ሻጭ ድርጅቶች) ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ኮዱን ካልጠቀሰ የሚያወዳድረው የተለያዩ መኪኖችን ነው። ዝርዝሩ የሚገኘው በመስታወቱ ላይ በሚለጠፈው የፋብሪካ ዋጋ መግለጫ ላይ ነው። ይህ ወረቀት የመጣው በኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ አነሳሽነት እ.ኤ.አ. በ1958 ከወጣው ሕግ ሲሆን፣ ሕጉ የሚመለከተው የቤት መኪኖችን ቢሆንም ፋብሪካዎቹ በፒካፖችም ላይ ይለጥፉታል።

በዚሁ ወረቀት ላይ ብዙዎችን የሚያታልል አንድ መስመር አለ፤ እሱም የፓኬጅ ቅናሽ የሚለው ነው። በፓኬጁ ያሉት ዕቃዎች ተደምረው 4,000 ዶላር ያወጣሉ፣ 1,000 ዶላር ተቀንሶልዎታል ቢባል፣ ገዢው 1,000 ዶላር ያተረፈ ይመስለዋል። ከዕቃዎቹ መካከል የሚጠቀምበት የ800 ዶላሩን ብቻ ከሆነ ግን ለዚያ አንድ ዕቃ 3,000 ዶላር ከፍሏል ማለት ነው። ትክክለኛው ስሌት የማይፈልጉትን ዕቃ ሁሉ ዜሮ ብሎ መጀመር ነው። ሻጩ «ሲሸጡት ዋጋውን ይመልሳል» ቢልም፣ እንደ እኔ አስተያየት በአሮጌ መኪና ገበያ ላይ የሚጠየቀው ፎር ዊል ድራይቭና የመጎተት አቅም እንጂ የድምፅ ማጉያ ብዛት አይደለም።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የሚፈጸመው በመጎተቻ ፓኬጅ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ይህኛው ስህተት ከኪስ አልፎ ለአደጋ ያጋልጣል። በማስታወቂያ የሚነገረው ከፍተኛ የመጎተት አቅም የአንድ ልዩ አደረጃጀት አቅም ነው። የ2021 ኤፍ-150 14,000 ፓውንድ (6,350 ኪሎ ገደማ) ይጎትታል የተባለው ባለ 3.5 ሊትሩ ኢኮቡስት ሞተርና ከፍተኛው የመጎተቻ ፓኬጅ አብረው ሲገኙ ነው። ራም 1500 በተባለው ፒካፕ ደግሞ 3.21፣ 3.55 እና 3.92 የሚሉ የዲፈረንሻል ሬሾዎች (ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ከሞተሩ በኩል የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳዩ ቁጥሮች) አሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል መኪናው ከባድ ጭነትን በቀላሉ ይጎትታል፤ በአንጻሩ የነዳጅ ፍጆታው ሊጨምር ይችላል። ጋንቾው ከኋላ ተገጥሞ ስለታየ ብቻ መኪናው ለከባድ ተሳቢ ተሠርቷል ማለት አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ሌላ ስህተት ደግሞ የመጎተት አቅምን ከመጫን አቅም ጋር ማምታታት ነው። የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ ቢጫና ነጭ ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል፤ የሰዎችና የዕቃ ክብደት በድምሩ ከዚህ አይበልጥም የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሩ 1,500 ፓውንድ ነው እንበል። በአማካይ 170 ፓውንድ የሚመዝኑ አራት ሰዎች ሲገቡ 680 ይሄዳል፤ የሚቀረው 820 ነው። 7,000 ፓውንድ የሚመዝን ተሳቢ ቢያያዝ፣ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው ጋንቾው ላይ ስለሚያርፍ፣ በ12 በመቶ እንኳ ቢሰላ 840 ፓውንድ ይጨምራል። አንድ የመፍቻ ሳጥን ሳይጫን መኪናው ከአቅሙ አልፏል፤ በማስታወቂያው የሚጎትተው ግን የዚህ ተሳቢ ክብደት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሳንሩፉ፣ ትልቁ ቸርኬ፣ በኤሌክትሪክ የሚታጠፈው መርገጫ፣ እነዚህ ሁሉ በቅንጦት ፓኬጅ የሚመጡ ዕቃዎች ክብደት ስላላቸው ያን ቁጥር ይቀንሱታል። ስለዚህ ፒካፑን ለግንባታ ወይም ለዕቃ ማመላለሻ ሥራ የሚፈልግ ሰው ከፍ ያለውን ደረጃ ሲመርጥ፣ ብዙ ከፍሎ ትንሽ የሚጭን መኪና ሊገዛ ይችላል።

በኋላ ሊጨመር የሚችለውንና ፋብሪካው ብቻ የሚሠራውን አለመለየትም ገንዘብ ያስወጣል። የካሶኒ ሽፋን፣ የወለል ምንጣፍ፣ መርገጫና ቸርኬ ከውጭ ሱቅ፣ ብዙ ጊዜም በርካሽ፣ ይገኛሉ። ዲፈረንሻል፣ ትልቅ የነዳጅ ታንከር፣ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ፣ ጠንካራ ባሌስትራና ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የተያያዘ የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ ግን በኋላ ልግጠም ቢባል ወጪያቸው ብዙ ነው፤ ቢገጠሙም ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አቅም አይለወጥም።

በስም መደለልም አለ። በቴክሳስ ሎን ስታር ተብሎ የሚሸጠው ራም በሌሎች ግዛቶች ቢግ ሆርን የሚባለው ደረጃ ነው።

ዲለሩ ራሱ ከፋብሪካው ወረቀት አጠገብ የሚለጥፈው ሁለተኛ ወረቀት ሌላ ጉዳይ ነው። በጎማ ውስጥ ናይትሮጅን፣ የቀለም መከላከያ፣ በመስታወት ላይ የተቀረጸ ቁጥር የመሳሰሉትን እንደ ፋብሪካ ፓኬጅ ቆጥሮ መክፈል አይገባም፤ መደራደርም፣ እምቢ ማለትም ይቻላል። የማጓጓዣ ክፍያው ግን በፋብሪካው ወረቀት ላይ የሚጻፍ ስለሆነ በእሱ ላይ መከራከር ብዙም አይጠቅም፤ ክርክሩ በጠቅላላ ዋጋው ላይ ይሁን።

በግቢው የቆመውን ብቻ ማየት ሌላው ስህተት ነው። ዲለሩ ለቆመው መኪና የብድር ወለድ ስለሚከፍል፣ ቶሎ እንዲሸጥለት ለብዙ ሰው የሚስማማውን፣ ማለትም በፓኬጅ የታጨቀውን ነው የሚያስመጣው። ሳምንታት ወይም ወራት መጠበቅ የሚችል ገዢ ከፋብሪካ ቢያዝ፣ ፓኬጆቹን ባያመልጥም ቁጥራቸውን ሊቀንስ ይችላል።

በመጨረሻም ፓኬጁ ተጽፏል ብሎ ዕቃው አለ ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2021 መገባደጃ በቺፕ እጥረት ምክንያት ጄነራል ሞተርስ አንዳንድ ፒካፖችን ያለ መቀመጫ ማሞቂያ ሠርቶ ያወጣ ሲሆን፣ ለገዢዎችም የዋጋ ቅናሽ ሰጥቷል። ስለዚህ ፊርማ ከመኖሩ በፊት ሞተሩን አስነስቶ ማሞቂያውን መንካት፣ ከኋላ ባምፐሩ ሥር ባለ ሰባት ፒኑን የተሳቢ ሶኬት ማየት፣ የፍሬን መቆጣጠሪያውን በዳሽቦርዱ ላይ መፈለግ ያስፈልጋል። የጎደለ ዕቃ ከተገኘም ዲለሩ የሚገጥምበትን ቀን ወይም የሚቀንሰውን ገንዘብ በውሉ ላይ በጽሑፍ ያስፍር።