የጀልባን እንጨት ያለ አረፋ ቫርኒሽ መቀባት

የጀልባን እንጨት ቫርኒሽ የቀባ ሰው ድካሙን ሁሉ ከንቱ የሚያደርግበት ነገር ቢኖር አረፋ ነው። ከሩቅ እንደ መስታወት የሚያበራ የጀልባ ጠርዝ ጠጋ ብለው ሲያዩት ጥቃቅን አረፋ ፈስሶበት ይገኛል። ጉዳቱ በመልኩ ብቻ አያበቃም፤ አረፋው ሲፈነዳ በሚተወው ቀዳዳ ውሃ ይሰርግና እንጨቱ ከሥር መጥቆር ይጀምራል። ስለዚህ ብሩሽ ከማንሣት በፊት አረፋው ከምን እንደሚነሣ፣ ከቆርቆሮው፣ ከብሩሹ ወይስ ከራሱ ከእንጨቱ መሆኑን መለየት ይገባል፤ መፍትሔያቸው የተለያየ ነውና።

በጣና ላይ የደንገሉ ታንኳ ቫርኒሽ አይሻም፤ እዚህ የምናገረው ስለ ሞተር ጀልባዎች የእንጨት መቀመጫ፣ መደገፊያና ጠርዝ ነው። ለቤት ዕቃ የሚውለው ናይትሮ ቫርኒሽ ቶሎ ቢደርቅም፣ እንጨቱ በእርጥበት ሲያብጥና በፀሐይ ሲኮማተር አብሮት መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል። የሚያስፈልገው የመለጠጥ ባሕርይ ያለውና የፀሐይን ጨረር የሚከላከል የጀልባ ቫርኒሽ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ በዚያ ከፍታ ፀሐይዋ በቆላ ካለ ወደብ ይልቅ ቫርኒሽን ትጎዳለች።

እንጨቱ በደንብ ከደረቀ በኋላ በቁጥር 120፣ ቀጥሎም በቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ይፈገፈጋል። አቧራው ተጠርጎ እንጨቱ በቲነር በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል፤ ወለሉን ውሃ መርጨትም አቧራ እንዳይነሣ ይረዳል።

ቫርኒሽን እንደ ቀለም ቆርቆሮውን እየናጡ ማዘጋጀት ፈጽሞ አይገባም። በንጹሕ ዘንግ ከሥር ወደ ላይ በዝግታ ይማሰላል፣ ለአንድ ጊዜ የሚበቃው ያህል ብቻ በቀጭን ወንፊት ወይም በናይሎን ካልሲ ተጠልሎ ወደ ሌላ ዕቃ ይቀዳል፣ ቆርቆሮውም ወዲያው ይከደናል። ብሩሹ እስከ ጠጉሩ ሲሶ ድረስ ብቻ ይነከራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የተትረፈረፈውን ለማራገፍ ብሩሹን በዕቃው አፍ ላይ ይፍቀዋል፣ ያን ጊዜ በጠጉሮቹ መካከል አየር ይገባና አረፋው እንጨቱ ላይ ከመድረሱ በፊት ይፈጠራል። ብሩሹን በዕቃው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ይበቃል።

ከእንጨቱ የሚመጣው አረፋ ግን የሰዓት ጉዳይ ነው። በእንጨት ቀዳዳዎች ውስጥ ያለ አየር ሙቀት ሲጨምር እየሰፋ ይወጣል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ እየጋለች ስትሄድ የተቀባ ባዶ እንጨት አረፋ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በመሆኑም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅቦች በጥላ ሥር፣ ሙቀቱ መቀነስ ሲጀምር ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ መቀባት ይመረጣል፤ የማታው ጤዛ እንዳይወድቅበት ግን ከላይ መከለል ያስፈልጋል። የእንጨቱ ቀዳዳ ከተደፈነ በኋላ ያሉትን ቅቦች ጤዛው ደርቆ ነፋስ ሳይነሣ ጠዋት መቀባት ይቻላል። በክረምት ወራት ይህን ሥራ ከቤት ውጭ መጀመር አልመክርም።

የመጀመሪያው ቅብ ከአምራቹ ቲነር ጋር እኩል በእኩል ይቀጥናል፤ ሁለተኛው ሦስት እጅ ቫርኒሽ በአንድ እጅ ቲነር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ከአሥር መቶኛ በላይ መጨመር አያስፈልግም። ቫርኒሹ በትንሽ ቦታ ላይ በስሱ ይዘረጋል፣ ወዲያውም ብሩሹ ወደ 45 ዲግሪ ያህል ተጋድሞ በጠጉሩ ጫፍ ብቻ፣ ክብደት ሳያርፍበት፣ ቀድሞ ከተቀባው ቦታ ገና ካልደረቀው ጠርዝ ጋር እስኪገናኝ አንድ ጊዜ ይሳባል። ዓይንን ዝቅ አድርጎ ወደ ብርሃን አግድም መመልከት የተረፈውን አረፋ ያሳያል። ገና ፈሳሽ ከሆነ አንድ ቀላል መሳብ ያጠፋዋል፤ ብሩሹ መያዝ ከጀመረ ግን እጅን መሰብሰብ ነው፤ ደጋግሞ መነካካት ሌላ አረፋና የብሩሽ መስመር ከመተው ሌላ ጥቅም የለውም። እንዲህ ያለው ጉድለት በማግሥቱ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል።

በየቅቡ መካከል ቢያንስ 24 ሰዓት ማቆየትና ላዩ ደብዘዝ እስኪል በቁጥር 220 መፈግፈግ ይገባል፤ ከመጨረሻው ቅብ በፊት ቁጥር 320 በውሃ እያረጠቡ መጠቀም ይሻላል። ለፀሐይ የተጋለጠ እንጨት ስድስት ቅብ ቢያንስ ያስፈልገዋል፤ ሦስት ቀብቶ ማቆም ዓመት ሳይሞላ ሁሉንም ልጦ እንደገና ወደ መጀመር ያደርሳል።

የተጠቀሙበትን ጨርቅ አጨማዶ ጥግ ላይ መጣል አደገኛ ነው፤ ዘይት ያለው ቫርኒሽ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር የተከመረ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም ውሃ በሞላ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ።