ለርቀት ተማሪዎች የሚላክ ሕያው ተክል፦ ችግሩና መፍትሔው

ተክሉ ጠቁሮ፣ ተዝለግልጎና ሸትቶ ይደርሳል

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው፤ መነሻውም አብዛኛውን ጊዜ ከላኪው ነው። ኤሎዲያ (ለፎቶሲንተሲስ ሙከራ፣ ማለትም ተክል በብርሃን ምግቡን ሲሠራ ኦክስጅን ማውጣቱን ለማሳየት የሚላክ ተክል) ውሃ ውስጥ ስለሚበቅል ብቻ ፌስታሉን በውሃ ሞልተው ጥርቅም አድርገው ያስሩታል። ካርቶኑ ውስጥ ግን ጨለማ ነው። ተክሉ ኦክስጅን ማምረት ያቆማል፣ መተንፈሱን ግን አያቆምም። ውሃው ውስጥ የነበረችው ጥቂት ኦክስጅን ስታልቅ ቅጠሉ ይሞታል፤ ባክቴሪያ ይረባበታል፤ ሙቀት ከታከለበትማ በአንድ ቀን ያልቃል።

የወረቀት ፎጣ አርጥቡና ማንጠባጠቡን እስኪተው ጭመቁት። ተክሉን ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉበት፤ ፌስታሉ ውስጥ አየር እንጂ ውሃ አይግባ። ከመጠቅለላችሁ በፊት ቡናማ ቅጠልና የተቀጠቀጠ ግንድ አንድ በአንድ ልቀሙ፤ አንዲት የበሰበሰች ቁራጭ እሽጉን በሙሉ ታበላሻለች። ሐሙስና ዓርብ አትላኩ፤ እሽጉ ቅዳሜና እሁድን መጋዘን ውስጥ ተዘግቶ ይውላል። በረዶ ካስገባችሁ ተክሉን አይንካ።

ተማሪው እሽጉን የደረሰ ዕለት ይክፈት። «ለሙከራው ቀን ይቆይ» ብሎ እንደታሸገ ማስቀመጥ ደህናውን ተክል መግደል ነው። ግንዱን በጣቱ ጫን ያድርገው፦ ጠንካራና አረንጓዴ ከሆነ የተጎዳውን ቆርጦ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉ ክፍት ዕቃ ውስጥ 24 ሰዓት በቆየ ውሃ ያኑረው። ከተልፈሰፈሰ አይድንም፤ ምትክ ላኩለት።

ተክሉ ደህና ነው፣ አረፋ ግን አይታይም

በሙከራው ተክሉ ብርሃን ሲያገኝ ኦክስጅኑ ከተቆረጠው ግንድ በአረፋ መልክ ይወጣል። አረፋው ካልታየ መጀመሪያ ውሃውን ጠርጥሩ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ተክሉ የሚፈልገው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቶለታል። ይህን ለመተካት በ250 ሚሊ ሊትር ውሃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይሟሟ። ግንዱ ውሃ ውስጥ እንዳለ በስለታም ምላጭ ሰያፍ ይቆረጥ፤ ደነዝ መቀስ ጨፍልቆ መውጫውን ይደፍነዋል። የተቆረጠው ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። መብራቱን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አቅርቦ 10 ደቂቃ ይጠብቅ።

ጥንቃቄ፦ የሚሞቅ አምፖል ውሃውን ሲያሞቀው የሟሟው አየር በራሱ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ብርጭቆው ላይ የተለጠፈ አረፋ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ከተቆረጠው ጫፍ በተርታ የሚወጣው ብቻ ነው።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል

ከበሰለ ፍራፍሬ ጋር ተቀምጦ ይሆናል፤ ምክንያቱ ፍራፍሬው የሚያወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ነው። ለዩት።

የባቄላ ዘር ይሻግታል

ውሃ በዝቶበታል። ሻጋታን ለመከላከል ብላችሁ ግን ፀረ ፈንገስ የተቀባ ባለቀለም ዘር ለተማሪ ቤት ፈጽሞ አትላኩ።

ሙከራው ሲያልቅ

ኤሎዲያ ወንዝ፣ ኩሬም ሆነ የፍሳሽ ቦይ ውስጥ አይጣል። ከቁራጭ ግንድ እንደገና በቅሎ ውሃውን ይወርራል። ተማሪው ፀሐይ ላይ ክው አድርጎ ያድርቀውና ከቆሻሻ ጋር ይጣለው፤ ይህን መመሪያ ከእሽጉ ጋር በወረቀት ጽፋችሁ ላኩ።