ከወንዝ እስከ ማሳ፦ የመስኖ ውሃን በተራራ ወገብ እንዴት እናመጣለን?

አጎቴ በዓይኑ ይተማመን ነበር። ከወንዙ ተነስቶ በጋራው ወገብ ዞሮ ማሳው የሚደርስ ቦይ ያለ ምንም መለኪያ አስቆፈረን። ውሃ የለቀቅን ቀን ውሃው 200 እርምጃ ያህል ሄደና ቀጥ አለ። ከዚያ ወደኋላ መሙላት ጀመረ። ያን ሰሞን ውሃ የቋጠረው እጃችን ብቻ ነበር።

ተራራ ላይ ዓይን ይዋሻል። ጎንና ጎኑ ቁልቁለት ስለሆነ ለጥ ያለው መሬት ሽቅብ፣ ሽቅቡም ለጥ ያለ ይመስላል። እንደኛ አገር ባለ ተራራማ ምድር የወንዝ ጠለፋ የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገር ነው፦ በልክና በተራ። ውሃው ራሱ ብዙም ጥፋት የለበትም።

በመጀመሪያ፦ ወንዙን በመጋቢት ለኩት

መስከረም ላይ የማይሞላ ወንዝ የለም። ልኩ የሚታወቀው በደረቁ ወር ነው። ውሃው ትንሽ ከሆነ በቧንቧ ወይም በቅርፊት ሰብስቡትና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደቅኑ። በ5 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 4 ሊትር አላችሁ ማለት ነው።

ወንዙ ጀሪካን የማይበቃው ከሆነ ቀጥ ያለ ቦታ ፈልጉና 10 ሜትር ለኩ። ደረቅ እንጨት ጣል አድርጉና ሰዓት ያዙ። ለምሳሌ ወንዙ 1 ሜትር ስፋት፣ 20 ሳንቲም ጥልቀት አለው እንበል። እንጨቱ 10 ሜትሩን በ50 ሰከንድ ከጨረሰ ሂሳቡ በሰከንድ 40 ሊትር ይሰጣችኋል። ከላይ ያለው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ሩቡን ቀንሱ። 30 ሊትር ቀረ። ግማሹን ለወንዙና ከታች ላሉት ተዉ። እጃችሁ ላይ 15 ሊትር አለ።

ይህ ስንት ያጠጣል? በበጋ ሙቀት 1 ሄክታር አትክልት በቀን 50 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይጠጣል። በአፈር ቦይ ሲመጣ ግማሹ መንገድ ላይ ሊቀር ስለሚችል 100 ያዙ። በሰከንድ ሲሰላ ለሄክታር ከ1 ሊትር ትንሽ በለጥ ይላል። ስለዚህ 15 ሊትር ቀንና ሌሊት ከሠራ 12 ወይም 13 ሄክታር ያለማል። ሌሊት የሚያጠጣ ከሌለ ግን ግማሹ ብቻ ነው፤ የሌሊቱ ውሃ ዝም ብሎ ይፈስሳል። መራዊ አካባቢ ያለው፣ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደው የቆጋ መስኖ የሌሊት ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች የተሠሩለት ለዚሁ ነው። እናንተም ከማሳው በላይ አንድ ኩሬ ብትቆፍሩ አይከፋም።

ቁፋሮ ሳትጀምሩ ከታች ያሉትን ተጠቃሚዎች አነጋግሩ፤ ለቀበሌውና ለግብርና ባለሙያውም አሳውቁ። በኋላ ፍርድ ቤት ከመመላለስ ይሻላል።

ልኩን ከማሳው ጀምሩ

ብዙ ሰው ከወንዙ ይጀምራል። እኔ የምመክረው ከማሳው ከፍተኛ ጥግ ተነስታችሁ ወደ ወንዙ እንድትለኩ ነው። ልኩ ወንዙን የሚያገኝበት ቦታ መጥለፊያችሁ ነው። ቦታው ገደል ከሆነ ገና ሳትቆፍሩ ታውቁታላችሁ።

ዕቃው ቀላል ነው፦ እኩል ቁመት ያላቸው፣ በሳንቲም ምልክት የተደረገባቸው ሁለት እንጨቶች፣ 10 ሜትር ሲባጎና ሲባጎ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ። የእርከን ሥራ ላይ የዋለ ሰው ያውቃታል። ውሃ ልኳን ሲባጎው መሃል፣ 5 ሜትሩ ላይ ስቀሏት። አረፋዋ መሃል ስትገባ ቀኝና ግራዋን አዙራችሁ ስቀሉ፤ አሁንም መሃል ከቆመች ታማኝ ናት።

አሁን ሲባጎውን በወንዙ በኩል ባለው እንጨት 100 ሳንቲም ላይ፣ በማሳው በኩል ባለው 102 ላይ እሰሩ። የወንዙን በኩል የያዘው ሰው አረፋዋ መሃል እስክትገባ ጋራው ላይ ወጣ ወረድ ይበል። እዚያ ችካል ምቱ፤ የማሳውን በኩል እንጨት ወደ ችካሉ አምጡና እንደገና ለኩ። በየ10 ሜትሩ 2 ሳንቲም መውረጃ ሰጣችሁ፤ ለኪሎ ሜትር 2 ሜትር ማለት ነው። ለአፈር ቦይ ከ1 እስከ 3 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ካነሰ ደለል ይሞላዋል፣ ከበለጠ ውሃው ቦዩን እየቦረቦረ ሸለቆ ያደርገዋል።

የጥንቶቹ አባቶች መሣሪያ ባይኖራቸውም እንደ አጎቴ አልሠሩም። ትንሽ ይቆፍራሉ፣ ውሃውን ከኋላቸው ያስከትላሉ፣ ደግሞ ይቆፍራሉ። ውሃ ልካቸው ውሃው ራሱ ነበር።

ጠለፋውና ቦዩ

መጥለፊያውን ወንዙ በጠበበበትና አለት ባለበት ቦታ አድርጉ። ወንዙ ከታጠፈ የመታጠፊያውን የውጭ ዳር ምረጡ፤ በውስጠኛው በኩል አሸዋ ይከማቻል። በድንጋይ፣ በግንድ፣ በቅጠልና በጭቃ የሚሠራውን ባህላዊ ግድብ ክረምት ይወስደዋል። በየዓመቱ መሥራት ያሰለቻል፣ ግን ጎርፉ ደለሉንም ጠርጎ ይሄዳል። አቅም ካለ ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ፣ ዕድሜ አለው። በማንኛውም መንገድ ብትሠሩት ከቦዩ አፍ ጥቂት ሜትር እልፍ ብሎ ትርፍ ውሃ ወደ ወንዙ የሚመለስበት መውጫ ይኑር። ክረምት ሲገባ አፉን ዝጉት።

ቦዩ ከታች 40 ሳንቲም ስፋት፣ 30 ሳንቲም ጥልቀት ካለው ለ15 ሊትር ከበቂ በላይ ነው። ጎኖቹ ተዳፋት ይሁኑ። አፈሩን ወደ ታችኛው ዳር አውጡና ረግጣችሁ ጠቅጥቁት፤ ላዩ ላይ ደሾ ሣር ትከሉበት። ሸለቆ ሲያጋጥም የተቦረቦረ ግንድ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ያሻግራል። መሬቱ ቶሎ የሚወርድበት ላይ ውሃውን በድንጋይ ደረጃ አውርዱት። ዋልካ አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ቦዩን ለረጅም ጊዜ ባዶ አትተዉት።

ማሳው ላይ ፈሰሱን በቁልቁለቱ ሳይሆን ወደ ጎን አውጡ። እዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ሽንኩርት የተከለ ሁሉ ያውቀዋል።

ተራ

ውሃ ሳይለቀቅ ተራው ይወሰን። በአማራ አካባቢ የውሃ አባት፣ በትግራይ አቦ ማይ የሚባል ሰው ይመረጣል። ለማንም የማያደላ፣ ሲናገር የሚሰማ ሰው መሆን አለበት። ለእያንዳንዱ በመሬቱ ስፋት ሰዓት ይመደብለት። የሌሊቱ ተራ ሁልጊዜ በአንድ ሰው ላይ እንዳይወድቅ በየዙሩ ይዙር። እኔ ብሆን ማጠጣቱን ከቦዩ ጫፍ አስጀምረዋለሁ፤ ከላይ ያለው ሰው ጠጥቶ ከጠገበ በኋላ ለቦይ ጠረጋ አይመጣም። ለጠረጋ የቀረም በመዋጮ ይካስ። ብዙ ሆናችሁ በሕግ መደራጀት ከፈለጋችሁ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 አለ።

ውሃውን መልቀቅ

በመጀመሪያው ቀን አፉን በሙሉ አትክፈቱ። ሩቡን ልቀቁና አካፋ ይዛችሁ ከፊት ከፊቱ ሂዱ። ደረቁ አፈር መጀመሪያ ውሃውን ይጠጣዋል፣ ጠፋ ብላችሁ አትደንግጡ። ድንገት ከታችኛው ዳር ቡልቅ ካለ የፍልፈል ጉድጓድ ነው። ድንጋይ ወትፎ መሄድ አያዋጣም፤ በማግስቱ ዳሩ ይናዳል። ውሃውን አቁሙ፣ ጉድጓዱን እስከ መጨረሻው ተከትላችሁ ቆፍሩና እርጥብ ሸክላ አፈር በንብርብር ጠቅጥቁበት። ከዚያ እንደገና ልቀቁ።